ያረጀ ውሻ ምግብ ሲተው

የተከበራችሁ አድማጮች፣

የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ይኸውም ዕድሜው የገፋ ውሻ ምግቡን መቀነስ ወይም መተው ሲጀምር ነገሩ ምን ማለት እንደሆነና ባለቤቱ በምን ቅደም ተከተል ምላሽ መስጠት እንዳለበት ነው። የእንስሳት ሐኪም እንደመሆኔ ይህ አቤቱታ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል፤ ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መቅረቡ ነው። የሚያዘገየው ደግሞ ቸልተኝነት አይደለም። ውሻቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች መጀመሪያ «አርጅቷል እኮ» ብለው ይታገሣሉ፤ ከዚያ የምግቡን ዓይነት ይለውጣሉ፤ ከዚያም በእጃቸው እያጎረሱ ማብላት ይጀምራሉ፤ ወደ ሐኪም የሚመጡት ይህ ሁሉ አልሳካ ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ውሻው ከስቷል፣ ጡንቻው ሟሟል፣ በመጀመሪያው ቀን በቀላሉ ሊታወቅ ይችል የነበረው ምልክትም በተከታታይ የምግብ ለውጥ ተሸፍኗል። እኔ የምለው ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ ነው፤ ምግቡን ከመለወጣችሁ በፊት ውሻውን ተመልከቱ።

አስቀድመን እርጅና በራሱ የሚያመጣውን ለውጥ እንለይ። ዕድሜው የገፋ ውሻ እንቅስቃሴው ስለሚቀንስና የጡንቻው መጠን ስለሚያንስ፣ የሚያስፈልገው ኃይል በጎልማሳነቱ ከነበረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ በወራት ሂደት ቀስ በቀስ ትንሽ ማነስ፣ ቀስ ብሎ መብላት፣ አልፎ አልፎም ከሳህኑ ላይ ጥቂት ማስተረፍ፣ ክብደቱ ካልተለወጠ፣ ብዙ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመጣ ለውጥ፣ ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ለውጥ፣ ወይም የሚወደውን መርጦ ሌላውን መተው የመሰለ አዲስ ጠባይ የእርጅና ሳይሆን የበሽታ ወይም የሕመም ስሜት ምልክት ነው ብሎ መነሣት ይገባል። እርጅና ፍላጎትን ያቀዘቅዛል እንጂ ምግብ አያስተውም።

እንግዲህ መመልከት ስል ምን ማለቴ ነው? ውሻው የለመደውን ምግብ በለመደው ሰዓትና ቦታ አስቀምጡለትና ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ዝም ብላችሁ ቁሙ። አትጥሩት፣ አታባብሉት። በዚያች ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ውስጥ የምታዩት ነገር ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ ይሠራልናል። አንዱ ውሻ ሳህኑ ገና ሲንቀሳቀስ ተነሥቶ ይመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጎርሶ መልሶ ይጥላል፣ ወይም አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ በዚያው ወገን ብቻ ያኝካል። ሌላው እስከ ሳህኑ ድረስ ይመጣል፣ ያሸታል፣ ከዚያም ፊቱን አዙሮ ከንፈሩን ይልሳል፣ ይውጣል፣ ምራቁም ይዝረበረባል። ሦስተኛው ጭራሽ ከተኛበት አይነሣም። እነዚህ ሦስቱ ውሾች «አልበላም» በሚል አንድ ስም ይጠሩ እንጂ ችግራቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው መብላት እየፈለገ ያልቻለ፣ ሁለተኛው ያቅለሸለሸው፣ ሦስተኛው ፍላጎቱ ራሱ የጠፋበት ነው። በስልካችሁ ብትቀርጹት ደግሞ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ውሻ ምርመራ ክፍል ውስጥ በቤቱ እንደሚያደርገው ስለማያደርግ እኛ ይህን የማየት ዕድል የለንም።

መብላት እየፈለገ ያልቻለውን ውሻ ካየን ጥርጣሬያችን በቅድሚያ ወደ አፉ ይሄዳል። የድድና የጥርስ ደጋፊ አካላት በሽታ ሦስት ዓመት ባለፋቸው አብዛኞቹ ውሾች ላይ በተወሰነ ደረጃ የሚገኝ ሲሆን፣ አሥር ዓመት በሞላው ውሻ ላይ ደግሞ የተከማቸው ቆሻሻ ደንድኖ፣ ድዱ ሸሽቶ፣ የጥርሱ ሥር ተጋልጦ ማየት የተለመደ ነው። አዋቂ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ በላይኛው መንጋጋ ከጉንጩ በስተውስጥ የሚገኘው ትልቁ ቆራጭ ጥርስ ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ይሰነጠቃል፤ ሥሩ መግል ሲይዝ ከዓይኑ በታች ያለው ቦታ ያብጣል። ባለቤቱ ግን ዓይኑን ያመመው ይመስለዋል። በአፍ ውስጥ የሚወጣ ዕጢም እንዲሁ በመጥፎ ጠረንና በደም በተቀላቀለ ምራቅ ይታወቃል። ከአፍ ውጭ ደግሞ የአንገት ሕመም ያለበት ውሻ መሬት ላይ ወዳለ ሳህን ማጎንበስ ስለሚያቅተው ብቻ ይራባል፤ ሳህኑን በእጃችሁ ከፍ አድርጋችሁ ብታቀርቡለት ከበላ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ለእርጅናው ማደንዘዣ አይችልም» እየተባለ የበሰበሰ ጥርስ በአፉ ይዞ የሚኖር ውሻ ቁጥሩ ብዙ ነው። ማደንዘዣ አደጋ የለውም አልልም፤ ነገር ግን አደጋውን የሚወስነው የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታ እንጂ የልደት ቀን ብቻ አይደለም፤ ይህም አስቀድሞ በምርመራ ይታወቃል። በየቀኑ በሚያምም አፍ መኖርም የራሱ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው፣ ያቅለሸለሸው ውሻ፣ ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱበት ነው፤ ምክንያቱም አያስመልስም። ማቅለሽለሽ የግድ በማስመለስ አይገለጽም። ደጋግሞ መዋጥ፣ ከንፈር መላስ፣ ሣር ፈልጎ መጋጥ፣ ምግቡን አሽትቶ እንደ ደነገጠ ወደ ኋላ ማለት፣ አንዳንዴም ምግቡን በአፍንጫው እየገፋ የሚቀብረው መምሰል ሁሉ ምልክቶቹ ናቸው። በዕድሜ በገፉ ውሾች ላይ ከማቅለሽለሽ በስተጀርባ በተደጋጋሚ የምናገኘው ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ነው። ኩላሊት ትልቅ ትርፍ አቅም ያለው አካል በመሆኑ፣ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደውና በደም ምርመራ የሚለካው ክሬአቲኒን የተባለ ቆሻሻ ከመደበኛው በላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሥራ አቅሙ ሦስት አራተኛ ያህል ጠፍቷል፤ ሽንትን የማወፈር ችሎታው የሚዳከመው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሲጠፋ ነው። ለዚህ ነው የምግብ ፍላጎቱ ከመቀነሱ በፊት ውሃ መጠጣትና መሽናት አብዝቶ የነበረውን ውሻ አጥብቀን የምንጠይቀው። ባለቤቶች ግን «ውሃማ ደህና ይጠጣል» ብለው እንደ መልካም ዜና ይነግሩናል። የጉበት በሽታ፣ የቆሽት መቆጣት፣ የአንጀት በሽታና በአንጀት ውስጥ የሚያድግ ዕጢም ይህንኑ መልክ ይዘው ይመጣሉ።

መድኃኒትም መረሳት የለበትም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡት እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ለብዙ ውሻ ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ሆኖም ጨጓራን ሊያቆስሉና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ውሻ ምግብ ሲተው፣ ሲያስመልስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ሲጥል የሚቀጥለውን መጠን ሳትሰጡ ሐኪሙን መጠየቅ አለባችሁ። አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችና የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲንም ፍላጎት ያጠፋሉ። መድኃኒቱ በየቀኑ ከምግቡ ጋር ተደባልቆ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ውሻው የሚሸሸው መራራውን ክኒን ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው ምግቡ ነው።

ሦስተኛው፣ ከተኛበት የማይነሣው ውሻ፣ ሰፊውን የጥርጣሬ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ካንሰር፣ የልብ ድካም፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የማምከን ቀዶ ሕክምና ባልተደረገላት ሴት ውሻ ላይ ደግሞ የማሕፀን መግል ሁሉ በዚህ ሊገለጹ ይችላሉ። ይህ የማሕፀን መግል ውሻዋ ወንድ ከፈለገችበት ጊዜ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚከሰት፣ ውሃ አብዝታ እንድትጠጣና ምግብ እንድትተው የሚያደርግ፣ ካልተደረሰበት የሚገድል ሕመም በመሆኑ አሮጊት ሴት ውሻ ያላችሁ ሰዎች በልባችሁ ያዙት።

ከዚህ ዝርዝር በተጨማሪ ሁለት ችግሮችን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም ሰው ያለ ጊዜው ተስፋ የሚቆርጥባቸው ናቸውና። አንደኛው የአእምሮ መዳከም ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተደርጎ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የዚህ ችግር ምልክት እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለው ውሻ ሌሊት ይንጎራደዳል፣ በር በማይከፈትበት በኩል ቆሞ ይጠብቃል፣ ሳህኑ ያለበትን ቦታ ይረሳል፣ መብላት ጀምሮም አንድ ድምፅ ከሰማ ትቶት ይሄድና የጀመረውን ይዘነጋል። ፍላጎቱ አለ፤ የጠፋው መንገዱ ነው። ሳህኑ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ፣ ወደ ሳህኑ ቀስ ብሎ እየተመራ ከቀረበ ብዙ ጊዜ ይበላል።

ሁለተኛው የሚዛን መጠበቂያ አካል መታወክ ነው። ትናንት ደህና የነበረ አሮጌ ውሻ ዛሬ ጠዋት ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዓይኖቹ ወዲያና ወዲህ እየተወረወሩ፣ ሲራመድ እየወደቀ ይነሣል፤ ቀና ማለት አቅቶት ምግብ አይቀርብም። ቤተሰቡ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሷል ብሎ ይደመድማል፤ የመጨረሻው ሰዓት ነው ብሎም ይመጣል። መመርመሩ የግድ ነው፤ ግን መንስኤው ሳይታወቅ በዕድሜ በገፉ ውሾች ላይ የሚከሰተው ዓይነት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥም በአመዛኙ ይለቀዋል። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው የማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ ምቹ መኝታና ጭንቅላቱን ደግፎ የሚያበላው ሰው ነው።

ምን ያህል ጊዜ እንጠብቅ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። ሌላ ምልክት የሌለው አሮጌ ውሻ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰ ለሐኪም ይደወልለት፤ ሁለት ቀን ከሞላው በአካል ይታይ። ውሃም ካቆመ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ድዱ ከነጣ፣ ተዝለፍልፎ ከወደቀ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ግን መጠበቅ የለም። የስኳር በሽታ ያለበትና ኢንሱሊን የሚወስድ ውሻ አንድ ገበታ እንኳ ቢዘል፣ የሚቀጥለውን መርፌ ከመስጠት በፊት ሐኪሙ ይጠየቅ። ድዱን ለማየት ከንፈሩን ገልጣችሁ በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ የነጣው ቦታ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ሮዝ ቀለሙ መመለስ አለበት። የሰውነቱን የውሃ ማነስ ቆዳውን በመቆንጠጥ ለመለካት መሞከር በአሮጌ ውሻ ላይ ያሳስታል፤ ቆዳው በእርጅና ስለሚላላ ውሃ ሳያንሰውም ቶሎ አይመለስም። የድዱ መድረቅና በጣት ላይ መጣበቅ የተሻለ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ፤ ይህም ከምርመራው ጎን ለጎን የሚደረግ እንጂ በምርመራው ፈንታ የሚደረግ አይደለም። የውሻ የማሽተት ችሎታ በእርጅና ሊደክም ይችላል፤ ውሻ ምግቡን የሚመርጠው ደግሞ በዋናነት በአፍንጫው ነው። የምላሱ የጣዕም ሕዋስ ስብስቦች ወደ 1700 የሚጠጉ ሲሆን የሰው ግን ብዙ ሺሕ በመሆናቸው፣ ሽታ የሚባለው ነገር ለእሱ ከጣዕም የበለጠ ትርጉም አለው። ስለዚህ ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ ከማቅረብ ይልቅ ለብ አድርጎ፣ ወደ ውሻው የሰውነት ሙቀት ማለትም ወደ 38 ዲግሪ አስጠግቶ ማቅረብ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በማይክሮዌቭ ካሞቃችሁት አማስሉት፤ መሀሉ እየፈላ ዳሩ ይቀዘቅዛልና። ደረቅ ምግብ በለብ ውሃ ቢርስ ሽታውም ይወጣል፣ ለማኘክም ይቀላል፣ ውሃም ይጨምራል።

ከሽታው ቀጥሎ ቦታው ነው። የሚያንሸራትት ወለል ላይ አራት እግሩን ማጽናት ያቃተው ውሻ በልቶ ሳይጠግብ ይሄዳል፤ ከሥሩ ምንጣፍ ይነጠፍለት። ሳህኑ ሰፊና ዝቅተኛ ጠርዝ ያለው ይሁን። ከፍ ያለ ማስቀመጫ አንገቱን ለሚያመው ይረዳል፤ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትላልቅ ውሾች ግን ሆዳቸው ተነፍቶ የመጠማዘዝ አደጋ ስላለባቸው አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። በቤቱ ወጣት ውሻ ካለ ለየብቻ ይብሉ፤ አሮጌው የሚተወው ጠግቦ ሳይሆን ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ትልልቅ ገበታ ወደ አራት ትንንሽ መክፈልም ይረዳል። ያልተበላው ምግብ ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ይነሣ፤ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ የሚቆም ምግብ ሽታው ይሞታል፣ ላቅለሸለሸው ደግሞ ማሠቃያ ይሆናል።

አሁን የምጠቅሰው ስሕተት ከፍቅር የሚመነጭ በመሆኑ ለመንገር ይከብደኛል። ውሻው አንዱን ሲተው ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ሲተው ሦስተኛ እየቀረበለት በአንድ ቀን አምስት ዓይነት ምግብ ከፊቱ ይደረደራል። ውሻ ሲያቅለሸልሸው የቀመሰውን ምግብ ከሕመሙ ጋር ያያይዘዋል፤ ከዳነ በኋላም ይጸየፈዋል። በዚህ መንገድ የሚወዳቸውን ምግቦች አንድ በአንድ እናስጠላዋለን። በተለይ ለኩላሊት በሽታ የታዘዘውን ልዩ ምግብ ውሻው ገና ታሞ ሳለ አስገድዶ ማስለመድ መጨረሻው እምቢታ ነው፤ መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይታከም፣ ከዚያ አዲሱ ምግብ ቀስ በቀስ ከአሮጌው ጋር ይቀላቀል። በመርፌ አልባ ስሪንጅ አፉ ውስጥ ማንቆርቆርም ጥላቻውን ከማባባሱ በላይ ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ለማባበል ሲባል የሚሰጥ ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት መረቅ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ የደም ስኳርን በፍጥነት ያወርዳል፣ ጉበትንም ይጎዳል፤ አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥ ስለሚገኝ ክኒን ልትደብቁበት ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ስብ የበዛበት ቁራጭ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ በፍጹም አይሰጥ።

ምን ያህል መብላት እንዳለበት ስንመለከት፣ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት ለ10 ኪሎ ውሻ በዕረፍት ላይ ሳለ በቀን 400፣ ለ20 ኪሎ 660፣ ለ30 ኪሎ ደግሞ 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ክብደቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ እንደማይሆን ልብ በሉ። የምትሰጡትን ሳይሆን የበላውን መዝኑ፤ «ትንሽ ትንሽ ይበላል» የሚለው ገለጻ ሲመዘን ከሚያስፈልገው ሩብ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ክብደቱንም በየሁለት ሳምንቱ ያዙ፤ እናንተ ብቻችሁን፣ ከዚያም ታቅፋችሁት ሚዛን ላይ ብትወጡ ልዩነቱ የእሱ ነው። ሃያ ኪሎ የነበረ ውሻ ሁለት ኪሎ ሲቀንስ፣ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰባት ኪሎ እንደከሳ ማለት ነው። ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሆዱ በፈሳሽ ሲሞላ ክብደቱ ሳይቀንስ ጡንቻው ሊያልቅ ስለሚችል፣ የጀርባ አጥንቱን፣ ትከሻውንና የጭኑን ሥጋ በመዳፋችሁ ዳብሱ። በዚህ ረገድ አንድ የቆየ አስተሳሰብ መታረም አለበት፤ ያረጀ ውሻ ሁሉ ፕሮቲን ይቀነስለት የሚባለው ትክክል አይደለም። ጤነኛ አሮጌ ውሻ ጡንቻውን ለመጠበቅ ከወጣቱ የማያንስ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ የሚቀነሰው ሐኪም በምክንያት ሲያዝ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ ከቀድሞው የተሻለ ዘመን ላይ ነን። ማሮፒታንትና ኦንዳንሴትሮን ማቅለሽለሽን ይቆጣጠራሉ፤ ብዙ ውሾች ከዚህ በላይ ሌላ ሳያስፈልጋቸው ይበላሉ። ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ግሬሊን የተባለውን ከጨጓራ የሚመነጭ የረሃብ ሆርሞን ካገኙ በኋላ፣ የእሱን ሥራ የሚመስል ካፕሮሞሬሊን የተባለ ፈሳሽ መድኃኒት ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለውሾች ተፈቅዷል። ሚርታዛፒን የተባለው ሌላ ፍላጎት ቀስቃሽም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ነገር ግን ፍላጎት ቀስቃሽ መድኃኒት ምክንያቱ ሳይታወቅ ወይም ማቅለሽለሹ ሳይታከም ሲሰጥ፣ የሚያመውን ሆድ በግድ እንደማስራብ ይሆናል። ውሻው ሊድን የሚችል ሕመም ይዞት ለሳምንታት የማይበላ ከሆነ ደግሞ በአንገቱ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧው የሚገባ ቱቦ አለ። ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ ሆኖም ውሻው ቱቦው እያለ ይራመዳል፣ ይተኛል፣ በአፉም መብላት ይችላል፣ መድኃኒቱም ያለ ትግል ይሰጠዋል። ብዙ ቀን የጾመ ውሻ ግን በመጀመሪያው ቀን ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሰጠው፤ በድንገት ሲሞላበት የደሙ ማዕድናት ይዛባሉ።

በመጨረሻ ሁሉም ሰው በልቡ ይዞ የሚመጣው ጥያቄ አለ፤ «ካልበላ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው?» የሚል። ምግብ መተው ብቻውን ለዚህ ውሳኔ መስፈሪያ አይሆንም። እስካሁን እንዳየነው ሊታከም በሚችል ምክንያት ምግብ የሚተው ውሻ ብዙ ነው፤ በተቃራኒው ደግሞ አጥንቱ ውስጥ ካንሰር እየበላው ሳህኑን የሚልስ ውሻ አለ። «ይበላል እኮ» የሚለው ማጽናኛም ስለዚህ አይበቃም። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መመዘኛ ሕመምን፣ ረሃብን፣ የውሃ መጠንን፣ ንጽሕናን፣ ደስታን፣ እንቅስቃሴንና ከመጥፎ ቀናት የደህና ቀናትን መብዛት ለየብቻ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ያሰጣል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ውሻውን በእንክብካቤ ማቆየት ተገቢ እንደሆነ ይቆጠራል። ነጥቡን በቤተሰቡ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ቢሰጡ ይመረጣል፤ በየሳምንቱም በዚያው ቀን ይደገም፣ ከውሻው ክብደትና ከበላው መጠን ጋርም አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወደ ሐኪም ስትመጡ ያንን ወረቀት፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉና የቀረጻችሁትን ምስል ይዛችሁ ኑ።